የእንጦጦ አየር ለጫሞ ጀልባ

ይድረስ ለወንድሜ ቢንያም፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ አያታችን አባባ ከሚለቁብን ጭስ በቀር ደህና ነን።

እሳቸው እንዲጠገን የላክኸውን የጀልባ ሞተር በርሜል ውሃ ውስጥ አቁመው ሲያስነሱት፣ ኪዳነ ምሕረት ሊሳለም የመጣው ሁሉ አጥራችን ላይ ተንጠለጠለ። እንጦጦ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን በዝቶበት አጨሰ። አባባም የካርቡሬተሩን ብሎን አጥብቀው ቤንዚኑን ቀነሱና "ተፈወሰ!" አሉ።

"አባባ፣ ጫሞ እኮ ቆላ ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚን ያንሰውና መሃል ሐይቅ ላይ ቀጥ ይላል" አልኳቸው።

"እኔ ሞተር ስፈታ አባትሽም አልተወለደም ነበር!"

"ሞተሩም አልተወለደም ነበር።"

ከዘራቸውን ሲያነሱ አመለጥኩ።

እዚያ ያስቸገረህ በሽታ የቤንዚን ማጣሪያው ቆሻሻ ነበር፤ አጥቤልሃለሁ። ብሎኑንም ቀድሜ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበት ስለነበር፣ እሳቸው ቅዳሴ ሲሄዱ ወደ ቦታው መለስኩት።

"ማን ነካው?" ብለው ጮኹ።

"እኔ! ደግመው ቢያጠብቁት ደግሜ እፈታዋለሁ።"

አሁን የሞተሩ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ወደ አንተ የሚወስደው የጭነት መኪና እስኪመጣ ንቅንቅ አልልም፤ ከፈለጉ ሽማግሌ ይላኩብኝ!

እማዬ ደህና ናት፤ ቴሌቪዥን ላይ አዞ ሲመጣ ብቻ ቻናል ትቀይራለች። እኔ የምለው፣ መቅዘፊያ ትይዛለህ? እንጦጦ ዋና አላስተማረችንም መቼም። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ሞተሩን ስታስነሳው ድምፁን ቀርጸህ ላክልኝ፤ መጀመሪያ ግን ከዳር ሆነህ።

በደህና ያገናኘን።

እህትህ ሐመልማል