አማልን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያገኘኋት ቀን

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ይድረስሽ። የወገብሽ ሕመም እንዴት ሆነልሽ? ማዳምሽስ ምንጣፉን በእጅ ማሳጠቧን ተወች? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ በአካል ደህና ነን። ትናንት በስልክ ተጯጩኸን ዘጋሽብኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጽፌ፣ ወደ ጅዳ ለምትመለሰው ለሙፊዳ ሰጥቻታለሁ።

አማል ጠፍታ ነበር፤ የሰማሽው እውነት ነው።

ምሳ ቤቴ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር እንደሆነች ታውቂያለሽ። ቀን ላይ ከፍርድ ቤት የሚወጣው ሁሉ፣ ባለጉዳዩም ጠበቃውም፣ ባንዴ ነው የሚገባው። አስተናጋጇ ስለቀረች ሳምቡሳውን የምጠብሰውም ምግቡን የማቀርበውም እኔው ነበርኩ። አማል ጓዳው ደጃፍ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመች ትጫወታለች። አንዱ ደንበኛ ፓስታው ቀዝቅዟል ብሎ ተቆጣኝ። እሱን ይቅርታ ጠይቄ ዞር ስል፣ በርጩማው ባዶ ነው።

እህት ዓለም፣ ዘይቱ እሳት ላይ እንዳለ ነው የወጣሁት። ጎረቤቴ ደሚቱ የአትክልት ሱቋን ጥላ ፎቁን ደረጃ በደረጃ ፈለገች። እኔ የውኃ ታንከሩ ሥር አይቼ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ጎማውን ነበር የማየው። ስሟን እየጠራሁ አስፋልቱን ተሻገርኩ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። አንዲት ባለጉዳይ ሴትዮ ሙዝ ገዝታላት አቅፋታለች። ልወስዳት እጄን ስዘረጋ ጥበቃው መሐል ገባ። ልጅ እንዲሁ አይሰጥም አለኝና፣ "እናቷ ነሽ?" ብሎ ጠየቀኝ።

መልሱ ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ መሐላ በሚማልበት ግቢ በር ላይ ዝም ብዬ ቆምኩ። ዝምታዬ ሲረዝም ሴትዮዋ ልጅቷን ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገቻት። አማል ናት ክንዷን ዘርግታ፣ "እማዬ፣ አትቆጪኝም አይደል?" ያለችኝ። ያኔ ጥበቃው ዞር አለልኝ።

ትናንት፣ "ልጄን ላንቺ እንጂ ለድስት አልሰጠሁም" አልሽኝ። ጡት ሳትጥል ክንዴ ላይ አስቀምጠሻት የሄድሽ ቀን፣ እኔም ምን እንደምቀበል አላወቅኩም። ምሳ ቤቷን የከፈትኩት ላሳድጋት ነው። ብዘጋት ምን አበላታለሁ? ስከፍታት ደግሞ ዓይኔ ከልጅቷ ላይ ይነሳል። ሁለቱን የሚያስታርቅልኝ አጣሁ።

አሁን ቢሮ ለቢሮ ምሳ ማድረሱን ትቻለሁ። ባለቤቴ ሙኒር ደጃፉ ላይ የእንጨት መዝጊያ ሠርቶልኛል። አማል ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት ትውላለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደሚቱ ትይዝልኛለች።

ለኢድ መጥቼ እወስዳታለሁ ላልሽው አልከለክልሽም። ነይ። ግን በመጣሽበት ቀን አትውሰጃት። መጀመሪያ አጠገቧ ተኚ። ጨለማ እንደምትፈራ፣ ጸጉሯ ሲሠራ ካልዘፈኑላት እንደምታለቅስ እይ። አንድ ነገር ደግሞ ሳትሰሚው እንዳትመጪ። ፎቶሽን ሳሳያት "አክስትሽ ናት" እያልኩ ነው ያሳደግኳት። እውነቱን ሌላ ሰው አይንገራት፤ እኔው እነግራታለሁ።

አላህ ሥራሽን ያቅልልሽ፣ መንገድሽን ያሳምርልሽ፣ በሰላም ያገናኘን።

ታናሽ እህትሽ፣
የአማል አክስት