ሰባት ዓመት የቀደመው ዜና

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሪቻርድሰን

የሥራ ባልደረባዬ ማሪሰል ለፊሊፒኖ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የምታዘጋጀውን የዜና ድረ ገጽ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ለቀቀችልኝ። ትናንት ስለወጣው አዲስ ብሮውዘር ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ ቼክ አድርጌ በምሳ ሰዓት ፖስት አደረግኩት።

ከሥራ ስወጣ አስተያየቱ ጎርፏል። አንዱማ፣ «ትናንት የወጣውን ሶፍትዌር አንተ በ2001 እንዴት አወቅከው?» ይላል። ለካ ሁሉን ቼክ ሳደርግ ቀኑን አላየሁትም፤ እጄ እንደለመደው በፈረንጆቹ 2008 ፈንታ የእኛን ዓመተ ምሕረት ጽፎ ኖሯል!

ማሪሰል ደውላ ስትስቅ ቆየችና፣ «ዜናው እንከን የለውም። ነገም አንተው ጻፍ፤ ቀኑን ብቻ እኔ እሞላለሁ» አለችኝ።

ኦኬ፣ ትሙላ። የዚህን ደብተር ቀን ግን ማንም አይነካብኝም።