ፈተና ቀብርን እንዲጠብቅ የደከሙት የመምህር ወንዳፍራሽ ተድላ የሕይወት ታሪክ

መምህር ወንዳፍራሽ ተድላ ከአባታቸው ከአቶ ተድላ ወልደ ሰማያት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትክልት በየነ ግንቦት 12 ቀን 1915 ዓ.ም. በሰበታ ተወለዱ። አባታቸው ከተጉለት መጥተው በወንዙ ዳር የውኃ ወፍጮ የተከሉ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም ወፍጮው ውኃ ሲበዛ ለምን እንደሚፈጥን፣ እህል ሲበዛ ለምን እንደሚያቃስት እየጠየቁ አባታቸውን ሥራ ያስፈቱ እንደነበር ይነገራል።

በደብሩ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ዘመናዊ ትምህርት እንደጀመሩ የጠላት ወረራ አቋረጣቸው። ከነጻነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ገብተው ጢማቸው እያቀመቀመ ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በአምስት ዓመት ውስጥ የቀረባቸውን ሁሉ ጨረሱ።

በየካቲት ወር 1939 ዓ.ም. ለባሕር ማዶ ትምህርት የሚላኩ ተማሪዎች ሲፈተኑ የመምህርም ስም ከተፈታኞቹ ውስጥ ነበር። በዚያው ሳምንት አባታቸው ሰበታ ላይ በድንገት አረፉ። ዘመድ ተሰብስቦ መከረና «ልጁ ይፈተን፤ ኋላ እናረዳዋለን» ተባለ። መምህር ምንም ሳያውቁ ተፈተኑ፣ አለፉም። በማግስቱ ማለዳ አጎታቸው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ማደሪያቸው ድረስ መጥተው መርዶውን አረዷቸው። አባታቸው ከተቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነበር።

ዘመድ ይህን ያደረገው በፍቅር ነው፤ መምህርም ማንንም አልተቀየሙም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በሄዱበት ቀብር ሁሉ፣ የማን ሰው ነህ ሳይባሉ፣ አፈር ለመመለስ ቀድመው አካፋ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። ብዙዎቻችሁ ይህን አይታችኋል፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልነገሩም።

በ1945 ዓ.ም. በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱና ማስተማር ጀመሩ። በ1946 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺወርቅ ደስታ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ውብአየሁንና ተሾመን ወለዱ። በ1950 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ቤት ሠርተው፣ እስከ መጨረሻው ሕመማቸው ድረስ በየቀኑ በአውቶቡስ አዲስ አበባ እየተመላለሱ ሠሩ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ የሚላኩ የፊዚክስ ምሩቃንን የሚያጣራው የፈተና ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ።

ያ ፈተና በዓመት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰውም በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነበር። የወደቀ ወደቀ፤ የቀረም እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ሰባት ሰዓት ሙሉ የሚጻፈው መልስ ከባዕድ መጽሐፍ የተሸመደደ ነው። ተፈታኙ በዓይኑ ስላላየው መሣሪያ ሦስት ገጽ ይጽፋል፣ ሚዛን አስተካክል ቢባል ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። መምህር ይህን ያውቁ ነበር። እያወቁም በየዓመቱ ይፈርሙ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ኩምሳ ጎበና የተባለ የሱሉልታ ልጅ፣ በዚያ ዓመት ከተፈታኞቹ ሁሉ ተስፋ የተጣለበት፣ በፈተናው ዕለት ቀረ። በማግስቱ ራሱን ተላጭቶ መጣና «ጋሼ፣ ትናንት አባቴን ቀብሬ ነው» አላቸው። መምህርም «እኔም አባቴ በሞተ ሳምንት ተፈትኛለሁ» ብለው መለሱለትና የመውደቂያውን ወረቀት ፈረሙ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ውብአየሁ ከሞት በኋላ ሰውን ማሳመር ያለ መሆኑን ታውቃለች። ይሁን እንጂ እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ስለነገሯት አትደብቀውም። ያ መልስ ሙሉ እውነት አልነበረም፤ እሳቸው የተፈተኑት አውቀው ሳይሆን ተደብቆባቸው ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሥራ ባልደረባቸው እናት ሞተው ለቀብር በጭነት መኪና እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ወረዱ። እንደ ልማዳቸው አካፋ አንሥተው አፈር ሲመልሱ ከጉድጓዱ ማዶ አካፋ ይዞ የቆመው ኩምሳ ነበር። እዚያው ሕፃናት ያስተምራል። እናቱ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» ብለው በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠይቀው ቤት አስገቧቸው፣ እርጎም ሰጧቸው። መምህር ይቅርታ ለመጠየቅ አፋቸውን ሲከፍቱ ኩምሳ ቀደማቸው። «ኦቦ ወንዳፍራሽ፣ እኔ አልተቀየምኩም። አባቴን በእጄ አፈር አልብሼዋለሁ፤ ይበቃኛል» አላቸው። መምህር እርጎውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ባለቤታቸው እንደሚያስታውሱት በዚያ ሳምንት ለሃያ አንድ ዓመት ሆዳቸው ውስጥ ያደረውን አባታቸውን አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ የማይቸኩል ሰው ነገር ሲጀምር ምን እንደሚመስል ኮሚቴው አየ። በመጀመሪያ ባልደረቦቻቸው ያወጡትን የዚያን ዓመት ጥያቄ ከተፈታኞቹ እኩል ተቀምጠው ሰባት ሰዓት ተፈተኑ። ማለፊያው ስድሳ ነው፤ እሳቸው አርባ አንድ አመጡ። ውጤታቸው ከወደቁት ጋር ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልኝ ቢሉ አንዱ ፈታኝ «አቶ ወንዳፍራሽ፣ ይህ እኮ እኛንም ያስንቃል» አሏቸው። መምህርም «እኔስ ሌላ ምን አልኩ?» ብለው ወረቀቱን ራሳቸው ለጠፉት።

በ1961 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ማመልከቻ አስገቡ። ፈተናው ሚዛንና ሰዓት በእጅ ይዞ እንዲሆን፣ የወደቀ ሁለተኛ ዕድል እንዲያገኝ፣ ሐዘን የደረሰበትም በሌላ ቀን እንዲፈተን የሚጠይቅ ነበር። «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። በ1962ም በጥናት ላይ ነበር። በ1963 ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ባልደረቦቻቸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ያጽናኗቸው ነበር፤ እንቁላሉ ግን ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ እግር አላወጣም። ውብአየሁ የጽሕፈት መኪና የለመደችው በዚያ ማመልከቻ ነው፤ ስድስት ጊዜ ተይባዋለች፣ ዛሬም ሳታይ ትተይበዋለች። ወይዘሮ የሺወርቅም «እኔን ያገቡኝ በአንድ ደብዳቤ፤ ለፈተና ስድስት!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸው ፈገግ ብለው የተተየበውን ያርሙ ነበር። ደክሟቸው ነበር።

በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ኮሚቴው ከሦስቱ አንዱን ተቀበለ። ሚዛኑም ሁለተኛው ዕድልም «በጥናት ላይ» ቀሩ። ሐዘን የደረሰበት ግን በሌላ ቀን እንዲፈተን፣ ቀድሞ በዚሁ ምክንያት የቀረም እንዲገባ ተፈቀደ። መምህር ወረቀቱን ሱሉልታ ድረስ ራሳቸው ወሰዱት። ኩምሳ «አሁን አርጅቼ?» ብሎ ቢያመነታም ተመዘገበ። ፈተናው ለማክሰኞ ኅዳር 18 ቀን ተቆረጠ።

ከሱሉልታ ሲመለሱ የልብ ሕመማቸው ጸናባቸው። ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኝተው በራሳቸው ፈቃድ ቡራዩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቅዳሜ ዕለት ልጃቸውን ጠርተው «ምናልባት እኔ ከፈተናው ብቀድም ልጆቹ ይፈተኑ ብላችሁ እንዳትደብቋቸው። ስድስት ጊዜ ያስተየብኩሽ ለዚህ ነው» አሏት። ሰኞ ኅዳር 17 ቀን 1966 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

ገና ሬሳው ሳይገነዝ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። «ልጆቹ ይፈተኑ፤ ኋላ ይሰማሉ» ተባለ፣ በፍቅር። ውብአየሁ ግን ከመካከላቸው ተነሥታ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ተሳፈረችና ለአሥራ አንዱም ተፈታኞች ነገረቻቸው። ኮሚቴው «መምህር ዘመድ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ አነሣ። ኩምሳ ወረቀት አወጣና «ሐዘንተኛ ነኝ» ብሎ ጽፎ ፈረመ፤ አሥሩም ከሥሩ ፈረሙ። ፈተናው ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተዛወረ።

መምህር ወንዳፍራሽ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ዛሬ በሰበታ ከአባታቸው ጎን ያርፋሉ። የደከመች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ያለ ማጣሪያ ይቀበልልን፤ እዚህ ድረስ የመጣችሁትንም ብድራችሁን በደስታ ይክፈልልን። ጸሎቱ ሲፈጸም ዘመድ ትንሽ ወደ ኋላ ይበልልን። አካፋዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ የሚይዟቸውም ይታወቃሉ።