እጄ ያልነካቸው ባቡሮች

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ግማሽ ቀን ሥራ። አሥራ አንድ የመነጽር ሌንስ ሞረድኩ፣ አንዱ ተሰነጠቀብኝ። የአንዲት አስተማሪ ነው። "ለሰኞ ይደርስልሻል" ብዬ ሸኘኋት።

ከሰዓት የወንድሜ ሚስት እትዬ ጋ። ወንድምጋሼ ካረፈ ስምንት ወር ሊሞላው ነው። ይሠራበት የነበረው ክፍል ውስጥ የእህቷ ልጅ ልትገባ ስለሆነ በእጁ የሠራቸው ትንንሽ ባቡሮች መውጣት አለባቸው።

"አንተ ውሰዳቸው" አለችኝ። "ካርቶን ውስጥ አቧራ ጠጥተው እንዲቀሩ አልፈልግም። የሚገባው ሰው ይያቸው።"

ዘጠኝ ካርቶን ሆነ። ሰባት ጎታች፣ ሠላሳ ስምንት ፉርጎ፣ ጣቢያ፣ ድልድይ ከነወንዙ። ሁሉም የእጅ ሥራ። ከቆርቆሮ፣ ከሽቦ፣ ከእንጨት… ጣቢያው ላይ ከጥፍር የማይበልጡ ሰዎች ቆመዋል። አንዷ ጃንጥላ ይዛለች፣ አንዱ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ወንድምጋሼ የሆስፒታል ኤሌክትሪሺያን ነበር። ከሥራ እየገባ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ላይ ጎብጧል።

አንድ ጊዜ ደውሎልኝ ነበር። "ና እስቲ ሽቦ ያዝልኝ፣ አምስት ደቂቃ ነው።" "አንተ ደግሞ በዚያ የልጅ መጫወቻህ!" ብዬ ስቄ ዘጋሁት። አልሄድኩም። ስንት ዓመት ሆነው? አራት? አምስት?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሱሪ ላሳጥር ልብስ ሰፊዋ ጋ ገባሁ። ከጓዳ አንድ ነገር ይንሿሿል። ብቅ ብዬ አየሁ። ሐዲድ! ጠረጴዛውን ዞሮ፣ በስፌት መኪናው ሥር አልፎ… ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተንበርክከው አንዲት ትንሽ ባቡር ይከተላሉ። ልብስ ሰፊዋ ራሷ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይመጣና በአንድ ሐዲድ ያስኬዳሉ፣ ይዋዋሳሉ።

"አሻንጉሊት እንዳትል" አለኝ የጥርስ ሐኪሙ። "እዚህ ቤት አሻንጉሊት ያለ ሰው ጥርሱን ያለማደንዘዣ እነቅላለሁ።"

ሳቅኩ። ከልቤ። እኔም ቤት አለ አልኳቸው። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አምጣዋ!" አሉኝ ሦስቱም ባንድ ድምፅ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሁለት ካርቶን ይዤ ሄድኩ። ባቡር ነጂው ትልቁን ጎታች አነሱ። ሠላሳ አራት ዓመት የእውነቱን የነዱ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎማውን አዩ፣ ገልብጠው ሆዱን አዩ። ከዚያ…

"እጅህን ይባርከው ልጄ" አሉኝ።

አሜን አልኩ።

ይኸው ነው። እኔ ሠራሁት አላልኩም። አንዲት አሜን ብቻ። ግን ከአሜን በኋላ "የወንድሜ ነው" ማለት እንዴት ይቻላል? ለምን አይቻልም? አፌ ላይ ነበር። ሐኪሙ ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርገኝ ዋጥኩት።

ጥቅምት 17

የሞተ ሰው ምን ይጎድልበታል? ምንም። ደጋግሜ ለራሴ የምለው ይህን ነው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አሁን ስም አውጥተውልኛል። "ወርቅ እጁ።" ስገባ "ወርቅ እጁ መጣ!" ብላ ልብስ ሰፊዋ ወንበር ትስብልኛለች። ቤቴ ስገባ ድምፄን የምሰማው ስልክ ከተደወለ ብቻ ነው… እዚህ ግን ሳወራ ሰው ያደምጠኛል። ነጂው የእሳቸውን አሮጌ ጎታች አዋሱኝ፣ እኔ የወንድምጋሼን ሁለት ፉርጎ አዋስኳቸው። "አደራህን እንደ ዓይኔ ነው የማየው" አሉኝ።

አደራዬን! የማን አደራ?

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ልብስ ሰፊዋ የራሷን ሥራ አሳየችን። የእናቷ ሰፈር ነው። አሁን የለም፣ ፈርሷል። በልጅነቷ እንዳየችው ከጨርቅ ሰፍታ፣ አጠንክራ፣ በነጭ ፎም ላይ አቁማዋለች። ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ በሚወጣው ፎም። ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። የጎደለው ወንዙ ብቻ ነው።

"ባለፈው ያመጣኸው ድልድይህ ሥር ያለው ውሃ እጄን ብሰደው የሚረጥብ ይመስለኛል። በምን ሠራኸው?"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ወርቅ እጁ ይናገር…

"ቫርኒሽ ነው" አልኩ። "በአሴቶን በደንብ አቅጥነሽ አንድ ጊዜ መገልበጥ።"

ከየት አመጣሁት? ሥራ ቦታ ጠረጴዛዬ ላይ ካሉት ጠርሙሶች ነው መሰለኝ። እሷ ግን በመቁረጫ ወረቀቷ ጠርዝ ላይ ቃል በቃል ጻፈችው።

ሐኪሙም ሌላ ዜና ነበረው። ጥር ላይ የቤተ መጻሕፍቱን አዳራሽ ፈቅደውልናል። ለሕዝብ እናሳያለን፣ በእያንዳንዱ ሥራ ፊት የሠሪው ስም በካርድ ይቆማል። "ያንተን መሃል ላይ እናደርገዋለን" አለኝ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ፎሙ ቀለጠ።

ስገባ ማንም ወንበር አልሳበልኝም፤ ጠረጴዛውን ከበው ቆመዋል። ወንዙ የፈሰሰበት ሁሉ ወደ ታች በልቶ ጉድጓድ ሆኗል። ዳርና ዳር የነበሩት ቤቶች ተንሸራተው ገብተዋል። አሥራ አራት ቤት። የእናቷም ቤት።

"ስህተቱ የእኔ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ወይ አብዝቼዋለሁ፣ ወይ በደንብ አላቀጠንኩትም። ይሄ እጄ…"

"አንቺ ምን አጠፋሽ" አልኳት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። አንቺ ምን አጠፋሽ።

"አይዞሽ፣ ወርቅ እጁ ይጠግነዋል" አላት ሐኪሙ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ውሃ ከፍቼ ቆምኩ።

ኅዳር 29

ፊት ለፊት የምትሠራው ባልደረባዬ የደንበኛ መነጽር ፍሬም በአሴቶን ልትጠርግ ስትል ጮህኩባት። "ፕላስቲክ ይበላል እኮ!" ደነገጠች። ማስጠንቀቂያው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አውቅ ነበር። አላሰብኩም እንጂ አውቅ ነበር። የትኛው ይብሳል?

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ቢያንስ ወንዙን እጠግናለሁ ብዬ እትዬ ጋ ሄድኩ።

"ወንድምጋሼ ውሃውን በምን ነበር የሚሠራው?"

"ውሃውን?" ሳቀች። "ውሃውን እኮ እኔ ነኝ የሠራሁት።"

…

"ሥሩን ጥቁር አረንጓዴ ትቀባለህ። ከዚያ የአናጢ ኮላ በውሃ አቅጥነህ፣ በቀን አንድ ስስ ሽፋን። ነጭነቱ ሲደርቅ ይጠፋል። አርባ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። እሱማ የት ትዕግሥት አለው! ደርቋል አልደረቀም ብሎ ጣቱን ነከረበት። ድልድዩ ሥር አጎንብሰህ ብታይ አሻራው አለ። ሰዎቹም የእኔ ናቸው። ባለጃንጥላዋ እኔ ነኝ። የተኛው እሱ ነው፣ ሁሌ እንዳስጠበቀኝ…"

የሞተ ሰው ምን ይጎድልበታል ስል ከርሜ… ለካ በሕይወት ካለ ሰውም ወስጃለሁ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ የምታሳያቸው ሰዎች ስለሱ ምን ይላሉ?" አለችኝ።

"እጁ ይባረክ ይላሉ።"

እውነትም ውሸትም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አንድ ቀን ውሰደኝና በጆሮዬ ልስማው" አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ!

ቤት ገብቼ ድልድዩ ሥር አጎነበስኩ። አለ። የወንድሜ አውራ ጣት፣ መስመሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ደወልኩ። ነጂው "ምሕረቱን ያምጣልህ፣ ትኩስ ነገር ጠጣ" አሉኝ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ከሥራ ወጥቼ ልብስ ሰፊዋ ጋ። ኮሌታ ትተኩሳለች። መቀመጫ ሳትሰጠኝ ልናገር ብዬ በር ላይ ጀመርኩ።

"ባቡሮቹ የእኔ አይደሉም። ወንድሜ ነው የሠራቸው። ሞቷል።"

ካውያውን አቆመች። "ነፍሱን ይማር" አለች መጀመሪያ። ከዚያ "ወንዙስ?"

"ከራሴ ነው ያመጣሁት።"

"ከራስህ?"

"አላውቅም ማለት አፍሬ።"

ኮሌታውን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች።

"አሥር ቀን ሙሉ እጄን ስረግመው ነበር" አለች። "የሰው ቀሚስ ስቆርጥ መቀሱ ይንቀጠቀጥብኝ ጀመር። አረጀሁ፣ ከእንግዲህ ሥራውም ይብቃኝ ብዬ ለልጄ ነግሬያት ነበር። አንተ እዚህ ቆመህ አንቺ ምን አጠፋሽ ትለኛለህ!"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"አሁን ሂድልኝ።"

ሄድኩ። ከጥቅምት ጀምሮ እሷ ጋ ያለውን ሱሪዬን እንኳን ሳልወስድ።

ታኅሣሥ 9

ቀሪዋ እትዬ ነበረች። ሁሉንም ነገርኳት፤ አሜንን፣ ስሙን፣ ካርዱን፣ ወንዙን። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

"እሱ ቢሰማ ይስቅ ነበር" አለች። "እኔ ግን አልሳቅኩም።"

ስለ ስልኩም ነገርኳት። ሽቦ ያዝልኝ ብሎኝ እንደቀረሁ።

"አውቃለሁ። ያን ቀን እኔ ነኝ የያዝኩለት።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስቼ በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ። "ያቺ ቤቱ የፈረሰባት ሴት የት ነው ያለችው? አድራሻዋን ጻፍልኝ።"

ታኅሣሥ 18

ቅዳሜ ነው። ቤቴ ነኝ። ሸሚዝ አጠብኩ።

ታኅሣሥ 22

ባቡር ነጂው የምሠራበት መነጽር ቤት መጡ። "ብሎኑ ላላብኝ።" አጠበቅኩላቸው። እጄን ያያሉ። ልብስ ሰፊዋ ነግራቸዋለች መሰለኝ።

"እኔም አንድ ጊዜ ቀይ መብራት አልፌ አላለፍኩም ብያለሁ" አሉ ድንገት። "የተቀጣው ረዳቴ ነው።"

"እና?"

"እና ምን? ይኸው ጡረታ ወጥቼም አልረሳሁትም።"

መነጽራቸውን አጥልቀው ወጡ። ምን ጠብቄ ነበር? ግዴለም እንዲሉኝ? ያዋስኳቸውን ሁለቱን ፉርጎዎች ግን በጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ሄደዋል። እንደ ዓይናቸው ነው የያዟቸው።

ጥር 1

እትዬ ደወለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልብስ ሰፊዋ ጋ ስትመላለስ እንደከረመች ዛሬ ነው የነገረችኝ። ወንዙን ለብቻው ጣውላ ላይ አብረው እየሠሩ ነው። በቀን አንድ ስስ ሽፋን።

"ለአዳራሹ ባቡሮቹን የሚሸከም ሰው የለም" አለችኝ። "ዘጠኙንም ካርቶን ይዘህ ና።" ሌላ አላለችም።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ትርኢቱ ዛሬ ነበር። ካርቶኖቹን አስገባሁ፣ ጠረጴዛ ደረደርኩ፣ ኋላ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። ሐኪሙ ባጠገቤ ሲያልፍ ራሱን ነቀነቀልኝ፣ አልቆመም። ቀልድም አልወረወረም። ቀልዱ መቅረቱ ነው የከበደኝ።

ካርዱ ላይ ሁለት ስም ነበር። ባቡሮቹ የእሱ፣ ውሃውና ሰዎቹ የእሷ። እትዬ የቤተ ዘመድ ሠርግ ላይ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ድልድዩ አጠገብ ቆማለች። ሰው ሁሉ እያጎነበሰ አሻራውን ያያል። ነጂው ትልቁን ጎታች አስነሱና "የባለቤትሽ እጅ የባቡር ሰው እጅ ነበር" አሏት ጮክ ብለው። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

ልብስ ሰፊዋ የእናቷን ሰፈር አላመጣችም። ገና አልደረቀም አለች ለሚጠይቃት ሁሉ። ለምን አልደረቀም ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም አልተናገረችም። እኔን አላየችም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እትዬ ቀበቶዋን አሰረች። ከዚያ፦

"ሃያ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ስንሠራ ሰው ሲያየው ያየሁት ዛሬ ነው።"

ማርሽ ቀየርኩ።

"ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም" አለች። "ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያደርሰኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

ጥር 16፣ ቅዳሜ

አደረስኳት። ደጅ ቆየሁ፣ መኪናው ውስጥ። ከውስጥ የባቡሩ ድምፅ ይሰማል፣ የእትዬም ሳቅ። ወንድምጋሼ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፈተች። "ግባ" አለችኝ። ሱሪዬን አጥፋ፣ ተኩሳ ወንበሩ ላይ አስቀምጣልኛለች። ወርቅ እጁ ያለኝ የለም። ሐኪሙ ጠጋ አለልኝ ብቻ።

አዲስ ፎም፣ እርሳስ፣ ቢላ ፊቴ አደረገች። አሥራ አራቱ ቤቶች ወንዙ ዳር የሚቆሙበት መሬት ነው። "በመስመሩ ቁረጥ።"

ቆረጥኩ። ጠመመ። አነሳችው፣ ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው።

ሌላ ሰጠችኝ።