ወፍጮው በማይፈጭበት ቀን

ለዓለሜ፣ ለደምሴ፤

ካለህበት ሰላም ሁን። እኛ እግዜር ይመስገን አለን። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው፤ ብርቱካኑ ደርሶ የመርሳ መንገድ ዳር እንደ አምናው በቅርጫት ተሞልቷል። ሱቅህን አልዘጋሁትም። አጠገብህ ቁጭ ብዬ ባትሪ ሳበራልህና ሽቦ ስልጥልህ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንዴት እዘጋዋለሁ? ራዲዮ ሊያሠራ የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ አንተን ፈልጎ ዙሪያውን ያያል፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ትችይዋለሽ ወይ ይላል። እችለዋለሁ። ያልቻልኩትን ወልድያ እልካለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ አባትህ ነው። የአባባ ጆሮ ጭራሽ ደከመ። ያንን የገዛህላቸውን የመስሚያ መርጃ ያፏጭብኛል ብለው አውልቀው ጣሉት። አሁን የሚነገራቸው ሁሉ በጩኸት ነው፤ ይብሉ፣ ይነሱ፣ ካፖርትዎን ይልበሱ። ላላወቀን ሰው ቀኑን ሙሉ የምንጣላ ነው የምንመስለው።

የቀብርህ ለት ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ፣ ልጄ ሲታመም ለምን አልጠራሽኝም ብለው ጠየቁኝ። የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙት ጮኸው ነው የጠየቁት። ምን ልበላቸው? ደሴ ሆስፒታል ተኝተህ፣ አባባ እንዲህ ከስቼ ካዩኝ አይተርፉም ብለህ እንዳልጠራቸው ያስማልከኝ አንተ ነህ። እዚያው አልጋ ላይ ሆነህ ግን ነጋ ጠባ ስለ እሳቸው ነበር የምትጠይቀኝ። እንዲህ ያለው ነገር በለቅሶ ቤት ይጮሃል? ኋላስ ቤት ብጮኸው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው የለ? ጽፌ እንዳልሰጣቸው ፊደል አልቆጠሩም። ዝም አልኩ። እሳቸው ደግሞ ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጠሩት። ልጄ ረስቶኝ ሞተ ብለው ቂም ያዙ፤ ከዚያ ወዲህ ስምህን አንድ ቀን አላነሱም። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ስለዚህ ለእሳቸው የጀመርከውን የማዳመጫ ማጉያ ልጨርሰው ተነሣሁ። አንዱን አሮጌ ራዲዮ ከግራና ገበያ፣ ሌላውን ከአባባ ቤት አውጥተህ፣ እንደ ፍም ቀልተው የሚበሩትን የመስታወት ቱቦዎች የነቀልክለትን ማለቴ ነው። ባለ ቺፑ ማጉያ በየሱቁ ሞልቶ የለም ወይ ስልህ፣ የአባቴ ጆሮ ያደገው በዚያ ራዲዮ ድምፅ ነው ብለህ ድርቅ አልክ። አንተን ማን ይመልስህ! የቀረህ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ብቻ ነበር።

ስዕሉን ትተህልኛል። ከግድግዳ የሚመጣው መብራት ትራንስፎርመሩ ላይ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ትንሹ ቱቦዎቹን ያሞቃል፣ ትልቁ ድምፁን ይሸከማል። ማሞቂያው ከበዛ ቱቦው ይቃጠላል፣ ካነሰ ድምፁ ይደክማል። የግድግዳውን ቮልት አንተው ለክተህ ጽፈኸዋል፤ መጽሐፍ ከሚለው በጣም ያነሰ ነው፣ የእኛ ሰፈር መብራት ነዋ። ሽቦውን ወልድያ ሞተር ከሚጠቀልሉት ገዝቼ እንደ ስዕልህ ጠቀለልኩት።

የማርያም ዕለት አባባ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ተቀምጠዋል፤ እኔ ደግሞ አላስችል አለኝና ሰካሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቱቦዎቹ መቅላቱን ትተው ነጭ ሆነው ቦግ አሉ፣ ካፓሲተሩ ጧ ብሎ ፈነዳ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ጮኼ ወደ በሩ ስሮጥ አባባ ምኑንም አልሰሙ፤ አፍንጫቸውን ሸብሸብ አድርገው ወጥ አረረብሽ ወይ አሉኝ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ።

የተሰኩት ቱቦዎች ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ የመጨረሻው ጥንድ ነው፤ እሱ ከሄደ ነገሩ አበቃ። ጎረቤት በማርያም ቀን ብረት ስትነካኪ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ በአንተ ተናደድኩ፣ አልዋሽህም። ሰኞ ብለካው መብራቱ ልክ አንተ እንደጻፍከው ነው። ሐሙስም ያው ነው። ስህተቱ የት እንዳለ ጠፋኝ።

የገባኝ የሚካኤል ዕለት ነው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ወጥ ጥጄ። በበዓል ቀን ወጥ ቶሎ ሲደርስ የበዓሉ በረከት ነው እል አልነበር? ያን ቀን ሽንኩርቱ ሳላየው ሊያርብኝ ሲል ደንግጬ ምድጃውን አጠፋሁ፤ ሰፈሩም ጭር ብሏል። የጋሽ ካሳው ወፍጮ ዝም ብሏል! ከአጥራችን ወዲያ ያ ወፍጮ በሥራ ቀን መብራቱን ሲጠጣው ይውላል፤ ማታ እሱ ሲያርፍ የሰፈሩ ምድጃ ሁሉ ይተካዋል። በበዓል ግን ቀኑን ስለማይፈጭ መብራቱ ሙሉውን እኛ ዘንድ ይደርሳል። ቴስተሩን ሰካሁት፣ ቮልቱ አሻቀበ። አይ አንተ! በበዓል ሥራ አትነካም፤ ቴስተርህን ሳይቀር በጨርቅ ጠቅልለህ አልጋ ሥር ነበር የምትከተው። ዕድሜህን ሙሉ የበዓል መብራት ለክተህ አታውቅም። መለካትም ሥራ ነው ብለህ እንዳትከራከረኝ፤ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ስቀው ሰደውኛል።

መጀመሪያ ማብሪያው ላይ ሁለት ቦታ ላበጅ ነበር፤ አንዱ ለሥራ ቀን፣ አንዱ ለበዓል። ኋላ አባባ ብቻቸውን ሲሆኑስ አልኩ። ወፍጮው ይፍጭ አይፍጭ እሳቸው በምን ጆሯቸው ይሰሙታል? ተውኩት። የፈነዳውን ካፓሲተር ቀየርኩ፣ ትራንስፎርመሩንም ፈትቼ ለበዓሉ ቮልት እንደ አዲስ ጠቀለልኩት። በሥራ ቀን ድምፁ ትንሽ ይደክማል። ይድከም፣ ከሚቃጠል ይሻላል።

ባለፈው እሑድ፣ ወፍጮው ባረፈበት ቀን፣ ሰካሁት። የማውቀውን ታቦት ሁሉ እየጠራሁ። ቱቦዎቹ ቀስ ብለው ቀሉ፣ ቀልተውም ቀሩ። ማዳመጫውን አባባ ጆሮ ላይ አደረግሁና ከአሮጌ ቴፕ ያወጣሃትን ትንሽ ማይክ ይዤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። አባባ አልኩ፣ በተራ ድምፄ። ደንግጠው እጃቸውን አነሡ፤ ቀስ በይ፣ አትጩኺ አሉኝ።

ያኔ ነገርኳቸው። ደሴን፣ መሐላውን፣ እንዴት ትጠይቀኝ እንደነበር፣ ሁሉንም። ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ተቆጡ። በዚያ በረሃቡ ክፉ ቀን ሕፃን ሳለህ ከዚያ የባሰ ከስተህ፣ አጥንትህ እየወጋቸው፣ በጀርባቸው አዝለውህ ነው ለካ ከደጋው መርሳ ድረስ የወረዱት። ይሄን ለእኔም ነግረውኝ አያውቁም፣ ለአንተም ሳይነግሩህ ቀርተዋል። የሱን ክሳት ከማን ሊደብቅ ነው፣ እኔ እኮ አውቀዋለሁ አሉ።

ተሳስተህ ነበር፣ ዓለሜ። እኔም አምኜህ ተሳስቻለሁ። ግን ቂማቸው ወጥቷል፤ ማታ ማታ ማዳመጫውን ራሳቸው አንሥተው ያጠልቁና ስለ ልጄ አውሪኝ ይሉኛል። እኔም አወራቸዋለሁ፣ በሕይወት እስካለሁም አልተውም። በዚህ ቤት ከእንግዲህ ስምህ በቀስታ ነው የሚጠራው።

ያንተው፣
ዘውድነሽ