ቁልፉን ሰበርኩት

ለልጄ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ድልድዩ ላይ ብየዳው፣ ሙቀቱ እንዴት አድርጎሃል? ልጅህ ደህና ናት። እናትህም ሰላም ብለውሃል። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ተቆጥቻለሁ። በስልክ ልነግርህ ስጀምር «በኋላ እናወራለን» ብለህ ዘጋህብኝ። ይሄን ግን እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

አዎ፣ እህትህ የነገረችህ እውነት ነው። የፊተኛውን ክፍል ቁልፍ ሰብሬዋለሁ፤ በመዶሻ። መክፈቻውን ኪስህ ውስጥ ከተህ ስለሄድክ ሌላ መላ አልነበረኝም።

ያ ክፍል ወለሉ ከተነጠፈ ጀምሮ ሰው አልተቀመጠበትም። ሶፋው ከነላስቲኩ፣ ብርጭቆው ከነካርቶኑ ተቆልፎበት ኖረ። እኛ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ከድስት ጋር ተፋፍገን እንተኛለን። ቤቱ ሲያልቅ እንኖርበታለን፣ እስከዚያ ቻሉት አልክ። ቻልነው። ልጅህ ያንን ክፍል በቁልፍ ቀዳዳ እያየች አደገች። አንድ ቀን ለጓደኛዋ፣ እዚያ ውስጥ የአባቴ ቤት አለ፣ ስትላት ሰማሁና የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ቤቱን ጠልቼ እንዳይመስልህ። ብሎኬቱን አብሬህ ተሸክሜያለሁ፤ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ጠዋት ማታ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አንተም እንዲህ አልነበርክም። ግድግዳው ገና ጉልበታችን ላይ ሲደርስ፣ ላዩ ላይ ተቀምጠን ዳቦ እንበላ ነበር። ቤት ሳይሆን ኖረንበታል። ቤት ሲሆን ነው የከለከልከን።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። እናትህ እግራቸው ከደከመ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም፤ ከተኙበት የሚታያቸው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥር መንገድ ማየት እንደናፈቃቸው ነገሩኝ። የፊተኛው ክፍል መስኮት አለ አይደል ወይ አልኳቸው። እሱማ ለእንግዳ ነው አሉ። በገዛ ልጃቸው ቤት፣ መልኩን ለማናውቀው እንግዳ ቦታ ሲለቁ ሳይ ደሜ ፈላ። መዶሻውን አነሳሁ።

ከማዶ ያለው ጎሚስታ የሚነፋውን ጎማ ጥሎ መጣና አልጋቸውን አብረን አስገባን። ላስቲኩን ቀደድኩት። ብርጭቆዎቹን አወጣኋቸው። አንዱን ልጅህ ሰብራዋለች፤ እኔ አልተቆጣኋትም፣ አንተም እንዳትቆጣት።

አሁን እናትህን ብታያቸው። ሲነጋ ጀምሮ ዓይናቸው መንገድ ላይ ነው። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ስም አውጥተዋል፤ የሚጣደፈውን «ቤቱ የተቃጠለበት» ይሉታል፣ የሚንቀራፈፈውን «ሙሽራው»። ጎሚስታው ስድባቸውን ወዶት ነው መሰለኝ ሻዩን ይዞ መስኮቱ ሥር መጥቶ ይጠጣል። ባለፈው ስላንተ ሲጠይቃቸው፣ የልጄ ላም ሰማይ ላይ ናት፣ ወተቷን መላእክት ይጠጡት ብለው አሳቁት። ሰውየው ሲሄድ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

አንተስ ይህን ከእህትህ ስትሰማ ደውለህ ምን አልክ? እናቴ እንዴት ናት እንኳ አላልክም። የአልጋው እግር ወለሉን እንዳይጭረው ከሥሩ ጨርቅ አድርጌ እንደሆነ ጠየቅከኝ። አላደረግኩም። ጭሮታል፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ። ስወለውል ሳየው ደስ ይለኛል።

ትንሽ ጨክኑ ትለናለህ። አንተ እቤት ስትመጣ እንኳ የምትመጣው ግድግዳ ልትለካ ነው። ልጅህ ማፏጨት ተምራ ልታሰማህ ከኋላህ ስትከተል ዋለች፤ አንተ ሜትርህን ዘርግተህ፣ ቆይ፣ ቆይ አልካት። ቆየች። አሁን አታፏጭም። ሥራህን ጣል አላልኩህም፤ ቤቱም ቀስ እያለ ይለቅ። ግን ሰው እየሠራም ይኖራል። እየሠራ ካልኖረማ መቼ ሊኖር ነው?

አንድ ነገር ቀረኝ። ሰሞኑን እናትህን በሰው አሸክሜ ሐኪም ዘንድ ወስጄያቸው ነበር። ጨው አይቅመሱ፣ ቅባት አይንኩ እያለ ሲያስጨንቀን የኖረው ሐኪም፣ ከእንግዲህ ያማራቸውን ሁሉ ስጧቸው አለኝ። መድኃኒቱንም ቀነሰው። ለሌላ ቀጠሮ ቀን ስጠይቀው እጄን ጨበጠኝ እንጂ ቀን አልነገረኝም። እናትህ መንገዱን ሙሉ ምን እንደሚበሉ ሲመርጡ መጡ፤ እኔም እየሳቅሁ አብሬ መረጥኩ። ቤት ስንገባ ግን እጄን ይዘው፣ ይህን ለልጄ እንዳትጽፊለት፣ ሥራ ይፈታል ብለው ለመኑኝ።

ይኸው ጻፍኩልህ። ቀለምም፣ በርም፣ ምንም ይዘህ አትምጣ። ባዶ እጅህን ና።

ከከፍታ አይጣልህ። እሳቱ ዓይንህን አይንካው። መንገዱን ያሳጥርልህ፣ ደርሰህ የምታየውን ያቆይልህ።

አሁንም ቁጣዋ ያልበረደላት፣
የልጅህ እናት