መዝገቡ «ተገኝቷል» ይላል

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለደብሪቱ፣

እታለም፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? በሳሙናው የቆሰለው ጣትሽ ዳነልሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ ጠባያቸው እንዴት ነው? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? ጾሙንስ በሰው አገር እንዴት ያዝሽው? እኛ ከናፍቆትሽና አሁን ከምጽፍልሽ ነገር በቀር ሥላሴ ይመስገኑ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ቢያማትም ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም። ጤፉም ዘንድሮ አላሳፈረንም።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ አስቤ ነበር። ግን ስልኩን ደውላ የምታቀብለኝ ልጅሽ ሂዊ ናት፤ እሷ አጠገቤ ቆማ አፌ እሺ አላለኝም። የአበረ ልጅ ወደ አንቺው አገር ልትሄድ መሆኗን ስሰማ ብዕር አነሳሁ። ባለፈው «ልጄ ለፈተናው እያጠናች ነው?» ብለሽ ብትጠይቂኝ «ሌት ተቀን» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ሂዊ የዘንድሮውን የስምንተኛ ክፍል ፈተና አትፈተንም፣ ስሟ አልተመዘገበም። ጥፋቱም የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። መስከረም ላይ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ከበላይ ወረደ የተባለ የደንብ ረቂቅ ቀረበልን። ወላጅ ልጁን አስመዝግቦ ዘወር አይበል፣ በየወሩ ትምህርት ቤት ተገኝቶ የልጁን ውጤትና ቀሪ በጆሮው ይስማ የሚል ነው። ቀኑንና ቅጣቱን እኛው መክረን እንድንጨርስ ተነገረን። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሰው በተሰበሰበበት ምላሴ አያርፍም። ብድግ አልኩና «ልጅ የመምህር ብቻ ነው እንዴ? የቀረ ወላጅ ሁለት ቀን ለግቢው አጥር ድንጋይ ይሸከም!» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። በማርያም በሬ ስለማይጠመድ ሰበብ እንዳይኖር ብዬ በየወሩ ሃያ አንድ ይሁን ያልኩትም እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ መምህር አንተነህ ደግሞ አንድ ነገር አስጨመረ፤ ሰው ይታመማል፣ ሐዘን ይደርስበታል፣ ስለዚህ ለቀረ ወላጅ መምህሩ ቤቱ ድረስ ሄዶ የተባለውን ይንገረው አለ። እኔ በልቤ ማሞላቀቅ ነው ብዬ ነበር።

በታኅሣሥ ሃያ አንድ አማረ ቤት የማርያም ማኅበር ነበር። ጠላው ጥሩ ነበር፣ ጨዋታውም ደርቶ ነበር። እዚያው ቀረሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጎረቤታችን ፈንታን «ስሜ ሲጠራ አለ በልልኝ» አልኩት። እድራችንን ታውቂው የለ? ስም ሲጠራ ለጎረቤቱ «አለ!» የማይል ሰው እንደ ክፉ ይቆጠራል። ፈንታም ያንኑ አደረገ፣ እኔም «ተገኝቷል» ተብዬ ተጻፍኩ። ስብሰባው ሲያበቃ ግን የስምንተኛ ክፍል ወላጆችን እየጠሩ የፈተና መመዝገቢያ ፎርም በእጃቸው መስጠት ጀመሩ። ፈንታ የልጁን ተቀበለ። የሂዊ ስም ሲጠራ ሁለተኛ ቢነሳ ሊታወቅበት ሆነ፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። መምህሩም በግርግሩ ስሟን አልፎ ሄደ።

ፈንታ ሲመለስ «ስለ ፎርም ነው፣ ነገ ሄደህ ተቀበል» አለኝ። እሺ አልኩ። በማግሥቱ ውቂያ ሆነ፣ ከዚያ ገና መጣ፣ ረሳሁት። ይህስ ዝንጋታ ነው ይባል። የስብሰባው ዕለት ማታ ግን ሂዊ እጄን ልታስታጥበኝ ቆማ «አያ፣ ስብሰባው ላይ ስለ ፈተና ምን ተባለ?» አለችኝ። አልነበርኩም ማለት አፈርኩ። «ያው ስለ አጥርና ስለ ውኃ ነው» አልኳት። ያመነችኝ መሰለኝ።

ገና ካለፈ በኋላ ትምህርት ቤት «አጎትሽ የወሰደውን ፎርም አምጪ» አሏት። አብረን ሄድን። መምህር አንተነህ መዝገቡን ገለጠ፤ ተገኝቷል ይላል። አየኝና ዝግ ባለ ድምፅ «ምናልባት ያን ቀን ቀርተው ነበር እንዴ? ወላጆቻቸው ለቀሩ ልጆች ወደ ወረዳ የሚላክ ተጨማሪ የስም ዝርዝር አለ፣ እስከ ዓርብ ይደርሳል» አለኝ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። እታለም፣ በሩ እንዲህ ተከፍቶልኝ ነበር። ሁለት መምህራን ቆመው ይሰማሉ፣ ድንጋይ ይሸከም ብዬ የፎከርኩት ትዝ አለኝ። «ነበርኩ እንጂ!» አልኩ። ጭራሽ ፎርሙን እናንተ ናችሁ የጣላችሁት ብዬ ተቆጣሁ። እነሱ ፎርሙን ሲፈልጉ፣ እኔም ስጮህ ዓርብ አለፈ። ፈንታን ላለማጋለጥ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ሰነበትኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ።

ከጥር አጋማሽ ወዲህ ሂዊ ትምህርት ቤት አትሄድም። «ለማይፈተኑት ምን ይማሩታል?» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቁይ ገበያ ላይ ከአንድ ደላላ ጋር ስትነጋገር ፈንታ አይቷታል። ብጠይቃት አልደበቀችኝም። ፓስፖርት አውጥታ ወደ አንቺ ልትመጣ ነው አሳቧ። አንቺ የሰው ወለል የምታጥቢው እሷ እንዳታጥብ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። ታለቅሳለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። «አውቅ ነበር እኮ አያ» አለችኝ። ለካ የእሷ ክፍል መስኮት ስብሰባው ወደተደረገበት ግቢ ነው የሚያየው። ቀኑን ሙሉ ስትፈልገኝ ውላ አጥታኛለች። «ታዲያ ስብሰባው ላይ ነበርኩ ብዬ ቢሮው ውስጥ ስዋሽ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። «በሰው ፊት ላሳፍርህ? አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ እስከ ዓርብ ጠበቅኩህ» አለችኝ። እታለም፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል።

ሰኞ ሄጄ «ተገኝቷል» የሚለውን አሰርዤ «ቀሪ» አስባልኩት። ዘንድሮ የሚጠቅም ነገር የለም። መምህር አንተነህ ግን ከአሁን ጀምራ ትምህርቷን ብትቀጥል በሚመጣው ዓመት ትመዘገባለች ብሎኛል። እስካሁን እሺም እምቢም አላለችኝም። የእኔ ቃል እሷ ዘንድ ዋጋ የለውም፣ ያንቺን ትሰማለች። ልምጣ ስትልሽ እባክሽ እምቢ በያት። እኔን የፈለግሽውን በዪኝ፣ ሁሉም ይገባኛል።

እናታችን አገር ለአገር ትሳምሻለች፣ ይህን ነገር ግን ገና አልነገርኳትም። ባለቤቴ የኔአለም በርበሬና ሽሮ በአበረ ልጅ እጅ ልካልሻለች። ትንሹ ልጄ ገብረ ሚካኤል «አክስቴን ሰላም በሉልኝ» ብሏል። ፈንታም ይቅር በዪኝ ይላል። ሂዊ ምንም በልልኝ አላለችም። እስከዚህ የጻፍኩትን ሳነብላት ግን ተነስታ አልሄደችም፣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

በዳይ ወንድምሽ ባዘዘው

ቁይ አካባቢ፣ ምሥራቅ ጎጃም
የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.